ነገረ ፈጁ፣ ጠበቃው ወይስ አቤቱታ ጸሐፊው? የዩኒቨርሲቲ ሠራተኛ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የሕግ ባለሙያ ሲመርጥ

አንድ ባልደረባዬ ከዓመታት በፊት ለከፍተኛ ትምህርት ለሄደ ጓደኛው ዋስ ሆኖ ፈርሞ ነበር። ጓደኛው ትምህርቱን ጨርሶ ሳይመለስ ቀረ። ሁለቱም ያኔ ይሠሩበት የነበረው መሥሪያ ቤት የከፈለውን ደመወዝና ወጪ ለማስመለስ ክስ መሠረተ፤ ከአገር የወጣው ሰው ስላልተገኘ ሰኔ ላይ መጥሪያው ለዋሱ ደረሰ። ባልደረባዬ መጥሪያውን ይዞ ሦስት ቦታ ሄደ፦ መጀመሪያ በዚያው በቀድሞ መሥሪያ ቤቱ ወደሚያውቀው ነገረ ፈጅ (የመሥሪያ ቤቱ የሕግ ሠራተኛ)፣ ቀጥሎ ሻይ ቤት ወዳገኘው የሕግ መምህር፣ በመጨረሻም ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ወደሚሠራ አቤቱታ ጸሐፊ። ነገረ ፈጁ የከሳሹ ነገረ ፈጅ መሆኑን ያስተዋለው ጉዳዩን ከሥር እስከ ጫፍ ከተረከለት በኋላ ነው።

እኛ ደሴና ኮምቦልቻ ያለን የዩኒቨርሲቲ ሠራተኞች የምንጎዳው ባለሙያ አጥተን አይደለም። ወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤትም የራሱ የሕግ አገልግሎት ክፍልም አለው፤ ደሴ የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት መቀመጫ በመሆኗም ጠበቃውም ጸሐፊውም ሞልቷል። የምንጎዳው ሰውየው የማን እንደሆነ ሳንጠይቅ «ስንት ያስከፍላል?» ብለን ስለምንጀምር ነው። ስለዚህ ንጽጽሬ ከዋጋ በፊት ለማን እንደሚቆሙና እስከ የት አብረውን እንደሚሄዱ ያያል።

የተቋሙ ነገረ ፈጅ

የነገረ ፈጁ ደንበኛ መሥሪያ ቤቱ ነው። ይህ ክፋት ሳይሆን ሥራው ነው። የትምህርት ክፍል ኃላፊ ሆናችሁ ከአንድ ፋብሪካ ጋር ለተለማማጅ ተማሪዎች የመግባቢያ ሰነድ ልትፈርሙ ስትሉ፣ የምርምር ገንዘብ ሰጪ የላከው ውል ጠረጴዛችሁ ላይ ሲቀመጥ፣ ዕቃ አቅራቢ ውሉን ሲያፈርስ ከእርሱ የተሻለ ሰው አታገኙም። ክፍያ የለውም፣ የተቋሙን መመሪያ ያውቃል፣ አስተያየቱን በጽሑፍ ከሰጣችሁ ደግሞ ወረቀቱ በኋላ ኦዲተር ሲመጣ ያድናችኋል።

በተቋሙ ስም የውጭ ጠበቃ መያዝ ግን የእናንተ ሥልጣን አይደለም። የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን በፍትሐ ብሔር ክርክር የመወከል ሥልጣን ለፍትሕ ሚኒስቴር የተሰጠ ነው፤ ከዚያ የወጣ ነገር ቢኖር እንኳ የሚያልፈው በዩኒቨርሲቲው የበላይ ኃላፊ በኩል ነው። «ጠበቃ አናግሬያለሁ፣ ዩኒቨርሲቲው ይከፍላል» ያለ ኃላፊ ሂሳቡ ወደ ራሱ ኪስ ሊዞር ይችላል።

በሥራችሁ ምክንያት በግል ስማችሁ ከተከሰሳችሁ ነገሩ ይወሳሰባል። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2126 የመንግሥት ሠራተኛን ጥፋት ለሁለት ይከፍላል። ጥፋቱ የሥራ ጥፋት ከሆነ ተጎጂው ካሳውን ከመንግሥት ሊጠይቅ ይችላል፤ የግል ጥፋት ከሆነ ሠራተኛው ብቻውን ይሸከመዋል። እንግዲህ ተቋሙ «የግል ጥፋት ነው» ቢባል ይጠቀማል፣ እናንተ ደግሞ በተቃራኒው። መጥሪያው በደረሳችሁ ቀን በደብዳቤ አሳውቁ፣ ይከራከሩላችሁ እንደሆነና እንዳልሆነ በጽሑፍ ጠይቁ፣ የእናንተ ቅጂ ላይ መዝገብ ቤቱ የገቢ ቁጥርና ማህተም ያሳርፍበት። መልሱ ቢዘገይም ፍርድ ቤቱ የሰጣችሁ የመልስ ማቅረቢያ ቀን አይጠብቃችሁም።

በዲሲፕሊን ከተከሰሳችሁ ነገረ ፈጁ ወይ ክሱን ያዘጋጀ ነው፣ ወይ የኮሚቴው አማካሪ ነው። ሰላምታ ሰጥታችሁ እለፉ።

ቡና ላይ የሚገኘው የሕግ መምህር

ከሁሉም የሚጣፍጠው ይህ ነው። ዋጋው አንድ ስኒ ቡና፣ ዕውቀቱ ከብዙ ጠበቃ የሰፋ፣ ሰውየውም ጓደኛ። እኔም ስንት ጊዜ ተጠቅሜበታለሁ፤ ክሱ መሠረት ያለው መሆኑን፣ ጠበቃ መያዝ የሚያስፈልገው መሆን አለመሆኑን በአሥር ደቂቃ የሚነግራችሁ እርሱ ነው። ችግሩ ወረቀቱን ሳያይ የሚናገር መሆኑ ነው። እኛም ለጓደኛ ስናወራ የሚያሳፍረንን ገጽ እንዘላለን፤ ምክሩ በተዘለለው ገጽ ላይ ሊፈርስ ይችላል። ጉዳዩ ከዩኒቨርሲቲው ጋር ከሆነ ደግሞ ይኸው ሰው ነገ በቅሬታ ሰሚ ወይም በዲሲፕሊን ኮሚቴ ወንበር ላይ ሊቀመጥ ይችላልና ቡናውን ጠጡ፣ ነገሩን ለሌላ ቀን አቆዩት።

የሕግ ትምህርት ቤቱ ነፃ የድጋፍ ማዕከል

የሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ በዋናነት የታሰበው አቅም ለሌላቸው፣ ለሴቶች፣ ለሕፃናት፣ ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች ነው። ደመወዝተኛ መምህር ወረፋውን ባይሻማ ደስ ይለኛል። የጽዳት ሠራተኛዋ የቀለብ ክስ፣ የጥበቃ ሠራተኛው የውርስ ጉዳይ ግን እዚህ በደንብ ይስተናገዳል፤ ብዙዎቹ ሠራተኞቻችን በሩ ለእነርሱም ክፍት መሆኑን አያውቁም። ባለጉዳዩ ራሱ ችሎት የሚቆም ከሆነ ማዕከሉ ክሱን ይጽፍለታል፣ ምን እንደሚልም ያስረዳዋል። ዩኒቨርሲቲውን ራሱን ለመክሰስ ግን አትምጡ፤ ማዕከሉ የሚተዳደረው በዚያው ተቋም በጀት ነው።

አቤቱታ ጸሐፊና ጠበቃ

ዋናው ምርጫ ያለው እዚህ ነው፤ ብዙ ገንዘብ የሚጠፋውም የሚድነውም እዚህ ነው።

በፍርድ ቤቱ ዙሪያ ኮምፒውተርና ማተሚያ ዘርግተው የሚሠሩት ጸሐፊዎች አይናቁም። ብዙዎቹ በሥራው ያረጁ ናቸው፤ የትኛው መዝገብ ቤት ስንት ቅጂ፣ የትኛውን አባሪ እንደሚፈልግ ከጠበቃ በላይ ያውቃሉ። የወራሽነት ማስረጃ ማመልከቻ፣ የመዝገብ ግልባጭ ጥያቄና ሌላም ተከራካሪ የሌለበት ነገር እዚያው ቢያልቅ ምንም አይደለም። ለዚህ ጠበቃ መያዝ ለጉንፋን ሆስፒታል እንደመተኛት ነው።

ተከራካሪ ሲኖር ግን የባልደረባዬን ወረቀት አስታውሳለሁ። ጸሐፊው ሁለት ገጽ ጻፈለት። ወረቀቱ ጓደኛውን አምኖ እንደፈረመ፣ የአራት ልጆች አባት እንደሆነ፣ የኑሮ ውድነቱ እንደከበደው ይዘረዝርና «የተከበረው ፍርድ ቤት አዝኖልኝ» ብሎ ያበቃል። ልብ ይነካል። ዳኛው የሚወስንበት ነገር ግን አንድም የለበትም።

ጠበቃ ቢሆን የሚጀምረው ከዋስትናው ወረቀት ነበር። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1922 ዋሱ የተዋሰበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን በውሉ ካልተገለጸ ዋስትናው አይጸናም ይላል፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሚታየው ቁጥሩ መጻፉ ነው። ቀጥሎ የሚታየው ዋስትናው የአንድነት (ከሳሹ ዋናውን ባለዕዳ ሳይጠይቅ ዋሱን በቀጥታ ሊከስ የሚችልበት) ነው ወይስ ተራ ዋስትና የሚለው ነው። ተራ ዋስ ከሆነ «አስቀድሞ ዋናው ባለዕዳ ይጠየቅ» ማለት ይችላል፤ ይህን የሚለው ግን ገና ክሱ እንደቀረበበት ነው እንጂ ክርክሩ ከተጋመሰ በኋላ አይደለም። ከዚያ ይርጋው፣ ማለትም ክስ የማቅረቢያው የጊዜ ገደብ፣ ይቆጠራል። በውል ጉዳይ ጠቅላላው የይርጋ ጊዜ 10 ዓመት ነው፤ ቢያልፍም እንኳ ዳኛው በራሱ አያነሳውም፣ ተከሳሹ ራሱ በመቃወሚያ ካላነሳው እንደሌለ ይቆጠራል። ሦስቱም ነጥቦች በመጀመሪያው የመልስ ጽሑፍ ላይ ካልገቡ በኋላ ማስገባት ተራራ መግፋት ነው። በጸሐፊውና በጠበቃው ክፍያ መካከል ያለው ልዩነት የተከፈለው ለእነዚህ ሦስት አንቀጾች ነው ብዬ አስባለሁ።

የኃላፊነቱም ነገር አለ። ጠበቃ ፈቃድ አለው፤ ቀጠሮ ቢያስቀር፣ ገንዘብ ተቀብሎ ቢጠፋ፣ ለተቃራኒ ወገን ቢያደላ የሚከሰስበት የሥነ ምግባር ደንብ አለ። በፌዴራል ደረጃ ሙያው አሁን የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 ነው፤ ከዚያ በፊት የወጣው ደንብ ቁጥር 57/1992 ደግሞ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል አስቀምጦ ነበር። አቅም ካጠራችሁ ይህን ማንሳት ነውር አይደለም። ጸሐፊው ቢሳሳት ግን የምትሄዱበት ቦታ የለም፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ፊርማ የእናንተ ነው።

ጠበቃ ለመያዝ ከወሰናችሁ

ፈቃዱን አሳዩኝ በሉ፤ ጨዋ ጠበቃ አይቀየምም። የክልልና የፌዴራል ፈቃድ ይለያያልና ጉዳዩ ወዴት ሊሄድ እንደሚችል አስቀድማችሁ ጠይቁ። በአማራ ክልል የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃና ከፍተኛ ፍርድ ቤት የሚያያቸውን ጉዳዮች በሕገ መንግሥቱ ውክልና የሚያዩት የክልሉ ከፍተኛና ጠቅላይ ፍርድ ቤቶች ናቸው፤ ስለዚህ ብዙ ነገር እዚሁ ደሴ ይጀመራል። የአስተዳደር ሠራተኛ ከሥራ ሲሰናበት ይግባኝ የሚልበት የመንግሥት ሠራተኞች አስተዳደር ፍርድ ቤት ግን መቀመጫው አዲስ አበባ ነው። 400 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ስለሆነ የደሴ ጠበቃ ለያንዳንዱ ቀጠሮ የትራንስፖርትና የአበል ሂሳብ ይቆልላል። እንዲህ ላለው ጉዳይ አቤቱታውን ፋይሉን ከሚያውቅ የደሴ ሰው ጋር አዘጋጅቶ ችሎቱን ለአዲስ አበባ ጠበቃ መስጠት ይረክሳል። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ግን ልዩነት አታድርጉ፤ በሀረጎ በኩል 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ የደሴ ጠበቆች ጠዋት ወርደው ከምሳ በፊት ይመለሳሉ።

የጥብቅና ውሉ በጽሑፍ ይሁን። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይታለላል፤ አታላዩም ብዙ ጊዜ ጠበቃው ሳይሆን የራስ ግምት ነው። «ጉዳዩን እስከ መጨረሻው ይይዛል» ማለት ምን ማለት ነው? ይግባኝን ይጨምራል? ሰበርን (የሕግ ስህተት የሚታረምበትን የመጨረሻ ችሎት)? ካሸነፋችሁ በኋላ ገንዘቡን የማስፈጸሙን ሥራስ? አፈጻጸም ራሱን የቻለ መዝገብ ነው፤ ፍርዱን ይዘው ዓመት ሙሉ የሚንከራተቱ ሰዎች ደሴ ውስጥ ስንት እንዳሉ እኔ አልነግራችሁም። ክፍያው ከሚገኘው ገንዘብ በመቶኛ ከሆነ የሚሰላው ከተፈረደው ነው ወይስ እጃችሁ ከገባው? የዳኝነት ክፍያ፣ የግልባጭና የባለሙያ ወጪ በውስጡ አለ ወይስ ለብቻ ነው? እነዚህ ጥያቄዎች በውሉ ላይ መልስ ካላገኙ አትፈርሙ፤ ለሰጣችሁት ቅድሚያ ክፍያም ደረሰኝ ተቀበሉ።

ውክልናውን ከመስጠታችሁ በፊት ቃል በቃል አንብቡት። ውክልና የሚጽፉ ቦታዎች ኮምፒውተር ላይ የተዘጋጀ ረጅም ቅጽ አላቸው፤ «ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ ለመታረቅ፣ ገንዘብ ተቀብሎ ለመፈረም» የሚሉት ሁሉ ከነቅጹ ይወጣሉ። ለክርክር ብቻ የያዛችሁት ሰው እናንተ ሳታውቁ እንዲታረቅላችሁ ካልፈለጋችሁ «ለመታረቅ» የሚለውን አስወጡት። ጸሐፊው «ሁሉም እንዲህ ነው የሚሰጠው» ይላችኋል። ይበል።

የግል ኮሌጅ ውስጥ ለምትሠሩ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ የእናንተ ሕግ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። ከሕግ ውጭ ተሰናብቻለሁ፣ ወደ ሥራዬ ልመለስ የሚል ጥያቄ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። በሥራ ክርክር ሠራተኛው የዳኝነት ክፍያ ስለማይከፍል «ገንዘብ እስካጠራቅም» ብላችሁ አትዘግዩ።

ከችሎት ውጭ

ወሎ ውስጥ ሽማግሌ አለመጥቀስ ነውር ነው። ደም የተቃቡትን የሚያስታርቁ አባጋሮች ባሉበት አገር የሁለት መምህራን የቤት ኪራይ ጠብ ችሎት ድረስ መሄዱ ይገርመኛል። ለጋብቻና ለውርስ ጉዳይ፣ ሁለቱም ወገኖች ፈቅደው ከቀረቡ፣ የሸሪዓ ፍርድ ቤት ደሴ ላይ ሌላው መንገድ ነው፤ ፈቃዱ የግድ መሆኑ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ተጽፏል። ሽምግልናው ግን ይርጋን አያቆምም። ሽማግሌዎቹ «ለከርሞ ረመዳን»፣ «ከፋሲካ በኋላ» እያሉ ሲያራዝሙት የክሱ ጊዜ ሊያልፍ ይችላልና ቀኑን ለብቻችሁ ቁጠሩ። ከመሥሪያ ቤት ጋር ላለ ጠብም ሽማግሌ አይሠራም፤ ተቋም ጉልበት ስሞ አይታረቅም።

ባልደረባዬ በመጨረሻ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ቢሮ ያለው ጠበቃ ያዘ። ጠበቃው የጸሐፊውን ሁለት ገጽ አንብቦ ሳይስቅ መለሰለትና «የዋስትናው ውል ቅጂ አለህ?» አለው። አልነበረውም፤ ሲፈርም ቅጂ አልወሰደም። መልሱን ለማሻሻል ፍርድ ቤቱን ለማስፈቀድ አመለከቱ፤ ውሉ ከከሳሹ ዘንድ እንዲቀርብም ጠየቁ። ክረምቱ የችሎት ዕረፍት ስለሆነ ቀጠሮው ለጥቅምት ተሰጠ።