ሌጎ ሊግ ወይስ ቴክ ቻሌንጅ፦ ከአሰልጣኙ ወገን ሲታይ

የታዳጊዎችን የሮቦት ቡድን ለማሰልጠን የተነሳ ሰው አስቀድሞ ሊወስነው የሚገባው፣ ቡድኑ በፈርስት ሌጎ ሊግ ይወዳደር ወይስ በፈርስት ቴክ ቻሌንጅ የሚለውን ነው። ሁለቱም አሜሪካዊው የፈጠራ ሰው ዲን ኬመን እ.ኤ.አ. በ1989 በአሜሪካ የመሠረተው የፈርስት ድርጅት ውድድሮች ቢሆኑም፣ ከአሰልጣኙ የሚጠይቁት ግን እጅግ የተለያየ ነው።

በሌጎ ሊግ ከሌጎ መገጣጠሚያዎች የተሠራው ሮቦት በ2 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ውስጥ የተሰጡትን ተልእኮዎች የሚፈጽመው ልጆቹ አስቀድመው በጻፉት ፕሮግራም እንጂ በርቀት መቆጣጠሪያ አይደለም። ስለዚህ ትናንት ቀጥ ብሎ የሄደው ሮቦት ዛሬ ወደ ግራ ሲያዘነብል ልጆቹ ፕሮግራሙን ለመቀየር ይጣደፋሉ፤ እኔ ግን መጀመሪያ ገልብጠው ጎማውን እንዲያዩ እጠይቃቸዋለሁ፤ ብዙ ጊዜም በዘንጉ ላይ የተጠመጠመ ፀጉር ያገኛሉ። መልሱን እያወቁ ዝም ማለት ከባድ ነው፤ ነገር ግን ስህተቱን በራሱ ዓይን ያየ ልጅ በሚቀጥለው ልምምድ ማንም ሳይነግረው ጎማውን ይፈትሻል።

በቴክ ቻሌንጅ ሮቦቱ 30 ሰከንድ በራሱ፣ ከዚያም 2 ደቂቃ በልጆቹ እየተነዳ ይጫወታል። ብረት መቁረጥ፣ ሽቦ መዘርጋትና ብዙ ጊዜም ጃቫ በተባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ፕሮግራም መጻፍ ስለሚኖር ወጪውም፣ የደኅንነት ጥንቃቄውም ይጨምራል።

ብቻውን ለሚያሰለጥን ሰው ያለማመንታት ሌጎ ሊግን እመክራለሁ። ልጆቹ ሁለተኛ ደረጃ የደረሱ ከሆኑና መሣሪያ የሚያውቅ አንድ ባለሙያ በየሳምንቱ አብሯቸው መቆም ከቻለ ግን ቴክ ቻሌንጅ ይሻላቸዋል።