የኢንተርኔት ሬዲዮ ሶፍትዌር፦ ኮምፒውተራችሁ ላይ ወይስ ሰርቨር ላይ?

የኢንተርኔት ሬዲዮ ሊከፍት ያሰበ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ዘፈን አሳምሮ የሚያጫውተው የትኛው ሶፍትዌር ነው?» ብሎ ነው። ዘፈን ማጫወት እንኳ ሁሉም ይችሉበታል። ተራ ያስይዛሉ፣ መሀል መሀል ጂንግል (የጣቢያውን አጭር ማስታወቂያ ድምፅ) ይከታሉ፣ አንዱ ሲያልቅ ሌላውን ያያይዛሉ። ልዩነታቸው የሚወጣው አቅራቢው በቀጥታ ሲገባና ሲወጣ ነው። በተለይ ደግሞ ሳይሰናበት ኢንተርኔቱ ሲቋረጥበት።

ስለዚህ ከሶፍትዌሩ ስም በፊት ፕሌይሊስቱ ከየት እንደሚጫወት ተመልከቱ፦ ከራሳችሁ ኮምፒውተር ወይስ ከሰርቨር፣ ማለትም ሌላ ቦታ ሁልጊዜ በርቶ ኢንተርኔት ላይ ከሚውል ኮምፒውተር?

ሬዲዮዲጄ እና ሳም ብሮድካስተር ዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ የሚጫኑ ናቸው። የመጀመሪያው ነጻ ነው፣ ሁለተኛው ይከፈልበታል። ሁለቱም ዘፈኖቹን በዳታቤዝ ይይዛሉ፤ አንድ ዘፋኝ ቶሎ ቶሎ እንዳይደጋገምም ይጠብቃሉ። ደስ የሚለው ነገር ማይኩም ዘፈኑም አንድ ጠረጴዛ ላይ መሆናቸው ነው። አቅራቢው እያወራ ቀጣዩን ዘፈን ይቀይራል፣ ስሜቱን ተከትሎ ይሄዳል። ችግሩ ያ ኮምፒውተር ሳይጠፋ መዋልና ማደር አለበት። መብራት ከሄደ ወይም ዊንዶውስ ራሱን አዘምኖ እንደገና ከተነሳ ጣቢያው ጭጭ ነው። ሌላ ከተማ ያለ አቅራቢ ማስገባትም ራስ ምታት ነው። ብቻውን ከአንድ ክፍል ለሚያሰራጭ ሰው ግን እነዚህ የሚናቁ አይደሉም።

አዙራካስት እና ሊብረታይም ሰርቨር ላይ ይቀመጣሉ። ሁለቱም ነጻ ናቸው፣ ኮዳቸውም ክፍት ነው። የሰርቨሩ ኪራይ ግን የእናንተ ነው። ዘፈኖቹ እዚያው ስለሚጫኑ ኮምፒውተራችሁን ዘግታችሁ ብትተኙም ሬዲዮው ይቀጥላል። አቅራቢው ባለበት ሆኖ፣ ድምፁን ወደ ሰርቨሩ በሚልኩት በት (butt) ወይም ሚክስ (Mixxx) በተባሉት ነጻ ፕሮግራሞች፣ በራሱ የይለፍ ቃል ይገባል። አዙራካስት ላይ አቅራቢው ሲገባ ፕሌይሊስቱ ቦታ ይለቃል፤ ሲወጣ ወይም መስመሩ ሲቆረጥ ራሱ ተመልሶ ይረከባል። አቅራቢዎች ከተመደበላቸው ሰዓት ውጭ እንዳይገቡ መከልከል፣ የቀጥታውን ዝግጅት ቀድቶ ማስቀመጥም ይቻላል። በኋላ ለድጋሚ ያገለግላችኋል።

ሊብረታይም ጠባዩ ሌላ ነው። በ2017 ኤርታይም ከተባለው ሶፍትዌር ተገንጥሎ የወጣ ሲሆን ሁሉ ነገሩ ካላንደር ነው። ሰኞ ጠዋት እገሌ፣ ማታ እገሊት እየተባለ ይሞላል። ብዙ አቅራቢና ቋሚ የፕሮግራም ሰዓት ላለው ጣቢያ ከዚህ የሚመች የለም። ግን ልብ በሉ፦ ካላንደሩ ላይ ክፍት ሰዓት ከተዋችሁ የሚጫወት ነገር የለም። ቀኑን ሙሉ ዘፈን፣ በሳምንት ሁለት ሦስት ሰዓት ቀጥታ ለሚል ጣቢያ እኔ አዙራካስትን እመርጣለሁ።

ሰርቨር መንካት የማይፈልግ ሰው «ሬዲዮ ዶት ኮ»ን (Radio.co) የመሰለ በየወሩ የሚከፈልበት አገልግሎት አለለት። ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል፤ የማከማቻውን ልክና ሌሎቹን የጥቅሉን ገደቦች አስቀድማችሁ አንብቡ።

ሰርቨር የምትከራዩ ከሆነ ደግሞ ዳታውን አስሉ። በሰከንድ 128 ኪሎቢት በሆነ ጥራት አንድ አድማጭ በሰዓት 58 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል። 100 ሰው ቀኑን ሙሉ ቢያዳምጥ 138 ጊጋባይት አካባቢ ማለት ነው። አቅራቢው ግን ወደ ሰርቨሩ የሚልከው አንድ መስመር ብቻ ስለሆነ ተራ ኢንተርኔት ይበቃዋል። ማባዛቱ የሰርቨሩ ሥራ ነው።

ድምፁ አድማጭ ጋ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 30 ሰከንድ ይዘገያል። ይህ በየትኛውም ምርጫ አይቀርም። አድማጭ ደውሎ የሚገባበት ዝግጅት ካላችሁ ደዋዩ ሬዲዮውን እንዲዘጋ ንገሩት፤ አለበለዚያ ራሱን እየሰማ ይደናገራል።

ከመክፈላችሁ በፊት በሙከራው ጊዜ ይህን አድርጉ። ፕሌይሊስቱ እየተጫወተ በቀጥታ ግቡ። ዘፈኑን መሀሉ ላይ ቆረጠው ወይስ ቀስ አድርጎ አሳነሰው? ድምፃችሁ ከዘፈኑ ጋር ሲነጻጸር ጮኸ ወይስ ጠፋ? ከዚያ ምንም ሳትሉ ኢንተርኔቱን ንቀሉትና በስልካችሁ ዳታ አዳምጡ። ፕሌይሊስቱ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ካልተመለሰ ወደሚቀጥለው ሂዱ።