ሲኤስኤስ ወይስ ጂሳፕ? አኒሜሽንን በኮድ ማዘዝ

አንድ ድረ ገጽ ሲከፈት መጀመሪያ ሎጎው፣ ቀጥሎ ርዕሱ፣ መጨረሻ ላይ ቁልፉ ተከታትለው ይግቡ እንበል። እያንዳንዳቸው ግማሽ ሰከንድ ይፈጃሉ።

የገጽን መልክ በሚወስነው ቋንቋ በሲኤስኤስ፣ በኪፍሬም (የእንቅስቃሴውን መነሻና መድረሻ በሚገልጸው ደንብ) ከሠራችሁት ለርዕሱ 0.5፣ ለቁልፉ 1 ሰከንድ ዲሌይ (ከመጀመሩ በፊት የሚጠብቀው ጊዜ) ትሰጣላችሁ። ያምራል። ከዚያ ደንበኛው "ሎጎው ትንሽ ረጋ ብሎ ይግባ" ይላል። መቼም አይቀርም! ሎጎውን 0.8 ስታደርጉት የርዕሱም የቁልፉም ዲሌይ በእጅ ይስተካከላል። ሦስት ሲሆኑ ምንም አይደል፤ አሥራ አምስት ሲሆኑ ግን ካልኩሌተር ያስወጣል።

በጃቫስክሪፕቱ የአኒሜሽን ላይብረሪ (የተዘጋጀ ኮድ ስብስብ) በጂሳፕ ደግሞ ታይምላይን የሚባል ኦብጀክት ትፈጥሩና ሦስቱን እንቅስቃሴዎች በተራ ትጨምሩበታላችሁ። አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይቀጥላል። የሎጎውን ቁጥር ብትቀይሩ የቀሩት ራሳቸው ይገፋሉ። ርዕሱ ሎጎው ሳይጨርስ እንዲጀምር ከተፈለገ "-=0.2" ብሎ መጻፍ ይበቃል። ከሁሉ የምወድለት ግን መሪውን እጃችን ላይ መስጠቱን ነው፦ ፕሌይ (ማስጀመር)፣ ፖዝ (ማቆም)፣ ሪቨርስ (ወደ ኋላ መመለስ)፣ ሲክ (ወደ ተፈለገው ሰከንድ መዝለል)። ታይም ስኬሉን (የፍጥነቱን መጠን) 0.25 አድርጉትና የቱ ጋ እንደሚደናቀፍ ቁልጭ ብሎ ይታያችኋል።

ሲኤስኤስም ማቆም ያውቃል፤ ፕሌይ ስቴቱን ፖዝድ ማለት ነው። "ወደ 1.2ኛው ሰከንድ ዝለል" ለማለት ግን ኔጌቲቭ ዲሌይ የመሰለ ዘዴ ይጠይቃል።

ዋጋ ሰበብ አይሆንም። ጂሳፕ ከ2025 ጀምሮ ከነፕለጊኖቹ (ከተጨማሪ ማሟያዎቹ ጋር) ነፃ ነው። ተጨማሪ ፋይል ግን ያስጭናል። ማውዝ ሲነካት ቀለሟን ለምትቀይር አንዲት ቁልፍማ ሁለት መስመር ሲኤስኤስ ጽፌ አልፋለሁ።