ኪራይ ፊልም ከላፕቶፕ ወደ ፕሌይስቴሽን 4፦ ከመንፈቅ በላይ ተጠቅሜበት ያየሁት

ፕሌይስቴሽን 4 የተባለው የሶኒ የጨዋታ ኮንሶል፣ ቢያረጅም፣ ዛሬም ጥሩ የፊልም ማጫወቻ ነው። ጥያቄው ፊልሙ የማን ነው የሚለው ነው። የራሴ የሆነ ቪዲዮ ከላፕቶፔ ተነሥቶ ሳሎን ካለው ቴሌቪዥን ያለ ችግር ይደርሳል። ገንዘብ ከፍዬ ከኢንተርኔት የተከራየሁት ግን ከላፕቶፑ ንቅንቅ አይልም። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው አፓርታማችን ሁለቱንም ከመንፈቅ በላይ ስሞክር ቆይቻለሁ።

መጀመሪያ ደስ ስላሰኘኝ ነገር። ሶኒ በ2015 ያወጣው ሚዲያ ፕሌየር የተባለ መተግበሪያ በዩኤስቢ የተሰካ ፍላሽንም፣ በቤት ኔትወርክ ላይ ዲኤልኤንኤ በተባለው የመሣሪያዎች መግባቢያ ቪዲዮ የሚያጋራ ኮምፒውተርንም ያነባል። ላፕቶፑ ላይ የማጋሪያ ፕሮግራም ከፍቶ ቪዲዮዎቹ ያሉበትን ፎልደር መምረጥ ይበቃል፤ የኮምፒውተሩ ስም ቴሌቪዥኑ ላይ ብቅ ይላል። እኔ ብዙም ሳልቆይ ፕሌክስ ወደተባለ ሌላ የማጋሪያ ፕሮግራም ዞርኩ። ኮንሶሉ የማያውቀው ዓይነት ቪዲዮ ሲያጋጥም፣ ለምሳሌ አዳዲስ ስልኮች የሚቀርጹት ኤችኢቪሲ፣ ላፕቶፑ ፊልሙ እየታየ ሳለ ወደሚታወቀው ዓይነት ይለውጠዋል። በዚህ ጊዜ ላፕቶፑ ይግላል፣ ማራገቢያውም ይጮኻል፤ ስለዚህ ሌላ ክፍል ውስጥ ይቀመጥ።

ከሁሉም በላይ የወደድኩት የግርጌ ጽሑፉን ነው። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ በሰነበተችበት ጊዜ የልጆቹን የትምህርት ቤት ድራማ ልናሳያት ፈለግን፤ እንግሊዝኛው ግን አይገባትም። ንግግሩን ባለቤቴና እኔ ተጋግዘን በአማርኛ ጻፍነው፣ ፋይሉን በቪዲዮው ስም ሰይመን ከጎኑ አስቀመጥነው፣ ፕሌክስም አብሮ አሳየው። እናቴ ከልጆቹ ቀድማ መሳቅ ጀመረች። በተከራየነው ፊልም ላይ ይህን ማድረግ አይታሰብም፤ አከራዩ ያላቀረበው ቋንቋ የለም ማለት ነው።

ስለ ኔትወርክ ብዙ ማለት አያስፈልግም። በ2013 የወጣው የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን 4 በዋይፋይ በኩል 2.4 ጊጋኸርዝ የተባለውን ሞገድ ብቻ ይቀበላል፤ በ2016 የመጣው ቀጭኑ 5 ጊጋኸርዝም ይይዛል። ጎረቤት በበዛበት ሕንፃ ውስጥ 2.4 የተጨናነቀ መንገድ ነው። የኔትወርክ ኬብል ከራውተሩ እስከ ኮንሶሉ ዘረጋሁ፣ መቆራረጡም ቀረ።

አሁን ወደ ኪራዩ። የተከራዩት ፊልም በብራውዘር ሲታይ ሊጋራ የሚችል ፋይል ከነጭራሹ የለም። ወደ ላፕቶፕ የሚወርድ ከሆነም ፋይሉ የተመሰጠረ ነው፤ መፍቻውን የሚሰጠው የአከራዩ ሰርቨር ሲሆን፣ የሚሰጠውም ለራሱ ማጫወቻ ብቻ ነው። አፕል ፌርፕሌይ፣ ጎግል ዋይድቫይን፣ ማይክሮሶፍት ፕሌይሬዲ የሚሏቸው ቁልፎች ስማቸው ቢለያይም ሥራቸው አንድ ነው። ፕሌክስም ሆነ ሌላ የማጋሪያ ፕሮግራም እጁ የሚገባው ሊከፍተው የማይችለው ፋይል ነው። ድሮ ከቪዲዮ ቤት የተከራየነውን ካሴት ይዘን ዴክ ያለው ጎረቤት ቤት እንሄድ ነበር፤ ባለ ቪዲዮ ቤቱን የሚያሳስበው ካሴቱ በቀኑ መመለሱ እንጂ በማን ዴክ መታየቱ አልነበረም። የዛሬው አከራይ ዴኩንም ይመርጥልናል።

በዚህ ጉዳይ ለአንድ አከራይ ድርጅት ጽፌ ነበር። መልስ ሰጪው ራውተሬን አጥፍቼ እንዳበራ መከረኝ፤ አደረግሁ። ደግሞ መከረኝ። ራውተሩ ምን እንዳደረገው እንጃ! ፊልሙ ወደ ሌላ መሣሪያ እንዳይተላለፍ መከልከሉን የነገረኝ ከብዙ ምልልስ በኋላ ነው። ክልከላው እንኳ ያባት ነው፣ መብቱ ነው፤ ግን የኪራይ ቁልፉ አጠገብ በአንድ መስመር ቢጻፍ ምን ነበረበት?

የሚሠሩ መንገዶች ሁለት አገኘሁ። አንደኛው ኮንሶሉን ትቶ ላፕቶፑን በኤችዲኤምአይ ገመድ ቴሌቪዥኑ ላይ መሰካት ነው። ኤችዲሲፒ የተባለውን ጥበቃ የሚያውቅ ቴሌቪዥን ከሆነ ፊልሙ ይታያል፤ ሆኖም ብዙ አከራዮች በብራውዘር ለሚያይ ሰው ዝቅ ያለ ጥራት ነው የሚሰጡት፣ ልዩነቱም በትልቅ ቴሌቪዥን ላይ በግልጽ ይታያል። ቤታችን የጸናው ሁለተኛው ነው፦ ኪራዩን ላፕቶፑ ላይ እከፍላለሁ፣ ፊልሙን ግን ኮንሶሉ ውስጥ ባለው የአከራዩ መተግበሪያ በዚያው አካውንት እከፍታለሁ። የፕራይም ቪዲዮም የአፕል ቲቪም መተግበሪያ ለፕሌይስቴሽን 4 አለ። የፕሌይስቴሽን መደብር ራሱ ፊልም መሸጥና ማከራየት ያቆመው ኦገስት 31 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. ስለሆነ፣ እዚያ መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው።

ሰዓቱንም ማሰብ ይገባል። እዚህ አሜሪካ የተለመደው ውል ለመጀመር 30 ቀን፣ ከተጀመረ በኋላ ደግሞ 48 ሰዓት ነው። የሌሊት ፈረቃ ለሚሠራና ልጆች ላሉት ቤት 48 ሰዓት አጭር ነው፤ አርብ ማታ ተጀምሮ ልጆቹ የተኙበት ፊልም እሑድ ማታ ተቆልፎ ይጠብቃል። ስለዚህ መሥራቱን ለመፈተሽ ብላችሁ ላፕቶፑ ላይ ፊልሙን እንዳታስጀምሩ፤ ቆጠራው ከዚያ ይጀምራል።

ይህን አይተው ፕሌይስቴሽን 5 ለመግዛት ያሰቡ ካሉ፣ የእሱ ማጫወቻ ከዩኤስቢ እንጂ በዲኤልኤንኤ ከኮምፒውተር አያነብም። የራሳችሁን ቪዲዮ ከላፕቶፕ ለማየት እዚያም ፕሌክስን መጫን ይኖርባችኋል።