ቅንጡ መኪና ሲበላሽ ስንት ያስወጣል? የጋራዥ፣ የመለዋወጫና የብራንድ ንጽጽር

አሥር ዓመት የተነዳ መርሴዲስ ኤስ-ክላስና ዜሮ ኪሎ ሜትር የሆነ ትንሽ መኪና አንዳንዴ ዋጋቸው ይቀራረባል። ልብ ወደየትኛው እንደሚሄድ ይታወቃል። ቆዳው፣ ጸጥታው፣ የበሩ አዘጋግ። ጉዱ የሚመጣው በኋላ ነው። መኪናው ሲያረጅ ዋጋው ይወርዳል፤ የመለዋወጫው ዋጋ ግን አብሮት አይወርድም። የፊት መብራቱ የዛሬ አሥር ዓመት ለሀብታም ገዢ ታስቦ የተተመነ ነው፣ ዛሬም በዚያው ሒሳብ ወይም ከዚያ በላይ ይሸጣል። ስለዚህ መኪናውን በሩብ ዋጋ የገዛ ሰው ሲጠግነው የሙሉ ዋጋ ባለቤት ይሆናል።

እዚህ የፈረስ ጉልበት አላወዳድርም። የማወዳድረው ሲበላሽ የት እንደሚሄድ፣ ዕቃው ከየት እንደሚመጣና የትኛው ብራንድ በምን እንደሚያስለቅስ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ዲለር ወይስ የግል ጋራዥ?

የዲለር (የብራንዱ ሕጋዊ ወኪል) ደረሰኝ ላይ ከዕቃው ቀጥሎ የሚያስደነግጠው የእጅ ዋጋ ነው። ይህ በአብዛኛው የሚታሰበው መካኒኩ በፈጀው ጊዜ ሳይሆን ለሥራው አስቀድሞ በተመደበው ሰዓት ነው። መዝገቡ ስድስት ሰዓት ካለ፣ እጁ የፈታ መካኒክ በአራት ሰዓት ቢጨርሰውም ስድስቱን ትከፍላላችሁ። ብሎኑ ዝጎ ቀኑን ሙሉ ቢታገለውም እንዲሁ። የኮምፒውተር ምርመራ ደግሞ ብዙ ጊዜ ለብቻው ይጻፋል።

ሌላው ነገር፣ ዲለር በአመዛኙ አይጠግንም፤ ይቀይራል። መብራቱ ውስጥ አንዲት ትንሽ ክፍል ብትቃጠል ሙሉ መብራት ይታዘዛል። ክፋት ብቻ አይደለም። ለሠራው ሥራ ዋስትና መስጠት አለበት፣ ፋብሪካውም ትንሿን ዕቃ ለብቻዋ ላይሸጥለት ይችላል። ግን ለኪሳችሁ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። እኔ ራሴ አንድ ዲለር ጋ «ካምቢዮው አልቋል፣ ሙሉ ይቀየር» ተብዬ አውቃለሁ። አንድ የግል ጋራዥ ዘይቱንና ፊልትሮውን ቀየረልኝ። መኪናውን ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ነድቼ ነው የሸጥኩት።

በአንድ ብራንድ ላይ ብቻ የሚሠሩ የግል ጋራዦች አሉ። ብዙዎቹን የከፈቱት ከዲለር የወጡ መካኒኮች ናቸው። የሰዓት ዋጋቸው ያንሳል፣ ዕቃ ምረጡ ይሏችኋል፣ የተቀየረውን አሮጌ ዕቃም ያሳዩአችኋል። እዚያ ስትሄዱ መጀመሪያ የምትጠይቁት «የፋብሪካው ፕሮግራም አላችሁ?» ብላችሁ ይሁን። ቢኤምደብሊው ኢስታ፣ መርሴዲስ ዜንትሪ፣ አውዲና ፎልክስቫገን ኦዲስ፣ ሌክሰስ ቴክስትሪም የሚባል ፕሮግራም አላቸው። ሁሉን መኪና አነባለሁ የሚል ርካሽ ስካነር ስህተቱን ያነብ ይሆናል፤ አዲሱን ዕቃ ከመኪናው ጋር ማስተዋወቅ ግን ብዙ ጊዜ ያቅተዋል። ለምሳሌ የዘመኑ ቢኤምደብሊው ባትሪ እንኳ ሲቀየር በኮምፒውተር ይመዘገባል። ካልተመዘገበ መኪናው አዲሱን ባትሪ እንደ ሼባው እየቆጠረ ይሞላዋል፣ ዕድሜውንም ያሳጥረዋል።

የሰፈር መካኒክስ? ለዘይት፣ ለፍሬን ሸራ፣ ለካንዴላ ምንም አይልም። ኤር ሰስፔንሽን (በሞላ ፈንታ መኪናውን በአየር ከረጢት የሚሸከመውን) ግን አታስነኩት።

«እኛ ጋ ካላሠራችሁ ዋስትናው ይቀራል» የሚለውን ማስፈራሪያ በደፈናው አትቀበሉ። አሜሪካ ውስጥ የ1975ቱ የማግነሰን-ሞስ ሕግ፣ አውሮፓ ውስጥ ደግሞ የ2010ሩ ደንብ ቁጥር 461 መደበኛ ሰርቪስን ውጭ በማሠራታችሁ ብቻ ዋስትና እንዳይነጠቅ ይከላከላሉ። በሌላ በኩል፣ ከአንድ ገበያ ወደ ሌላ ገበያ የገባ መኪና የፋብሪካ ዋስትናው አብሮት ላይሻገር ይችላል። ያንን ከመግዛታችሁ በፊት በሻሲ ቁጥሩ አስጣሩ።

እኔ ዲለር ጋ የምሄደው ለሦስት ነገር ነው። ፋብሪካው ራሱ ለጠራው ጥገና፣ ለቁልፍ፣ ለሶፍትዌር። ሌላው ሁሉ የግል ጋራዥ ነው።

ዕቃው ከየት ይምጣ?

መኪና ሠሪው ዕቃውን ሁሉ ራሱ አይሠራም። ካምቢዮ ከዜድኤፍ፣ የኤሌክትሪክ ዕቃ ከቦሽ፣ የጎማ መያዣ ክንዶች ከሌምፎርደር፣ ፍሬን ከብሬምቦ ይገዛል። ሌክሰስ ላይ ደግሞ ዴንሶና አይሲን አሉ። ያው ዕቃ በሁለት ካርቶን ይሸጣል። አንዱ ካርቶን ላይ የመኪናው ዓርማ አለ፣ ሌላው ላይ የሠሪው ስም። ሁለተኛው ብዙውን ጊዜ በደንብ ይቀንሳል። አንዳንዴ ዕቃው ላይ የመኪናው ዓርማ ተፍቆ ቦታው ብቻ ቀርቶ ታገኛላችሁ። ፎርጅድ ነው ብላችሁ አትደንግጡ፤ ከአንድ መስመር የወጣ ሆኖ በሠሪው ስም ለመሸጥ የተፋቀ ሊሆን ይችላል። እኔ ቅንጡ መኪና ለያዘ ሰው ሁሉ የምመክረው ይህንን በሠሪው ስም የሚሸጠውን ነው።

ሦስተኛው ሌላ ድርጅት አስመስሎ የሠራው ነው። እዚህ ላይ ጥሩም አለ፣ ቆሻሻም አለ። ፊልትሮ ከታወቀ ስም ከሆነ ችግር የለውም። ሴንሰርና የውሃ ፓምፕ ላይ ርካሹን ገዝቶ ሁለቴ የእጅ ዋጋ የከፈለ ሰው ብዙ ነው።

አራተኛው ያገለገለ ዕቃ። በር፣ መስታወት፣ ወንበር ከሆነ በደስታ። ኮምፒውተር ያለበት ዕቃ ከሆነ ግን ቆም በሉ። አውዲ ላይ ብዙዎቹ የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎች ለአንድ መኪና የተቆለፉ ናቸው። ከሌላ መኪና ነቅላችሁ ብትገጥሙት ራዲዮው ድምፅ ይነሳል፣ ማሳያው መልእክት ያወጣል። ቁልፉ የሚፈታው ከፋብሪካው ሰርቨር ጋር ተገናኝቶ ነው። ያ ማለት ዞሮ ዞሮ ዲለር ጋ መሄድ ነው።

ብራንድ ከብራንድ

ሌክሰስ ሲባል ሰው ሁሉ «ቶዮታ አይደል፣ ዕቃው ሞልቷል» ይላል። ግማሹ እውነት ነው። ኢኤስ 350 ከቶዮታ ካምሪ ጋር መሠረቱንና ባለ 3.5 ሊትር ቪ6 ሞተሩን ይጋራል። አርኤክስ 350 ከሃይላንደር፣ ጂኤክስ 460 ከፕራዶ፣ ኤልኤክስ 570 ከላንድክሩዘር 200 ጋር ዘመድ ናቸው። የሞተርና የካምቢዮ ዕቃ ስታዩ የቶዮታውን ቁጥር አመሳክሩ፤ ያው ቁጥር ከሆነ የቶዮታ መደርደሪያ ላይ ታገኙታላችሁ። ከኤልኤስ ጋር ግን ይህ ሒሳብ አይሠራም። ኤልኤስ 460 የኋላ ጎማ የሚነዳ፣ ከካምሪ ጋር የማይገናኝ መኪና ነው። የፊት ጎማዎቹን የሚይዙት ክንዶች ብዙ ናቸው፣ አንድ ላይ ሲያልቁ ወጪው ከጀርመኖቹ አያንስም። ኤልኤክስም ከፍታውን የሚቀይረው በዘይት ግፊት ስለሆነ ከተራ ላንድክሩዘር ይለያል። ቢሆንም ከዚህ ሁሉ ዝርዝር ውስጥ ለኪስ የሚራራውን አንድ ጥሩ ካላችሁኝ ኢኤስ ወይም አርኤክስ እላለሁ። ያን ያህል አያስደስቱ ይሆናል። እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

መርሴዲስ ኢ-ክላስ በመለዋወጫ ብዛት ከጀርመኖቹ ሁሉ የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ። ግን ዓመቱን ለዩ። ከ2002 እስከ 2006 የወጣው ኢ-ክላስ ፍሬኑ በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዝ ነበር። ፓምፑ ስንት ጊዜ ፍሬን እንደተያዘ ይቆጥራል፣ ቁጥሩ ሲሞላ ለውጡኝ ይላል። ዕቃው እሳት ነው። ከ2006ቱ ማሻሻያ በኋላ ወደ ተለመደው ፍሬን ስለተመለሱ፣ በአንድ ዓመት ልዩነት ሌላ መኪና ገዛችሁ ማለት ነው። ከዚያው ዘመን የቀደሙት ኤም272 ቪ6 ሞተሮች ላይ ደግሞ የባላንስ ሻፍቱ (የሞተሩን ንዝረት የሚያረጋጋው ዘንግ) ጥርስ ቶሎ ያልቃል። የጥርሱ ዕቃ ትንሽ ናት፤ እሷን ለመቀየር ግን ሞተር ይወርዳል። የሞተር ቁጥሩን ለሚያውቅ ሰው አሳዩ።

ቢኤምደብሊው 5 ሲሪስ ሲነዳ ያስደስታል፣ ፕላስቲኩ ግን ያናድዳል። ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ባሉት ባለ ስድስት ሲሊንደሮች ላይ የውሃ ፓምፑ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሲሆን አንድ ቀን ድንገት ይቆማል። እንደ ጎማ የሚያልቅ ዕቃ ነው ብላችሁ በጀት ያዙለት። የዘይት ማፍሰስ የተለመደ ነው፤ ጓርኒሲዮኑ ርካሽ፣ የእጅ ሥራው ውድ። ከሁሉ የምፈራው ሁለት ሞተር አለ። አንደኛው በ2007 የመጣው ኤን47 ባለ 2 ሊትር ናፍጣ ሲሆን ታይሚንግ ካቴናው (የሞተሩን ክፍሎች አቀናጅቶ የሚያዞረው ሰንሰለት) በካምቢዮ በኩል ስለሆነ፣ ሲያልቅ እሱ ጋ ለመድረስ ሞተር ወይም ካምቢዮ ይወርዳል። ሁለተኛው በ2008 የመጣው ኤን63 ቪ8 ነው። ሁለቱ ተርቦዎች በሞተሩ መካከል ተቀምጠው ያቃጥሉታል፣ ጎማና ፕላስቲኩ ይደርቃል፣ ዘይት ይበላል። ኩባንያው ራሱ በ2014 አሜሪካ ውስጥ ለዚህ ሞተር ልዩ የጥገና ፕሮግራም አውጥቷል። ቀላሉን ባለ ስድስት ሲሊንደር እየተውኩ ቪ8ቱን የምገዛበት ምክንያት አይታየኝም።

አንድ ነገር ስለ ካምቢዮ። የዜድኤፉ ባለ ስምንት ማርሽ ቢኤምደብሊው ላይም፣ አውዲ ላይም፣ ሬንጅ ሮቨር ላይም አለ። መኪና ሠሪዎች «ዘይቱ ዕድሜ ልክ ነው» ሲሉ፣ ካምቢዮውን የሠራው ዜድኤፍ ግን ከ80,000 እስከ 120,000 ኪሎ ሜትር ባለው ጊዜ ቀይሩ ይላል። እኔ የሠሪውን ነው የምሰማው። ፊልትሮው ከታችኛው የፕላስቲክ ትሪ ጋር አብሮ ስለተሠራ ትሪው ራሱ ይቀየራል፤ ዋጋው ከዘይት ለውጥ ከፍ የሚለው ለዚህ ነው።

አውዲ ኤ6 ከፎልክስቫገን ጋር ብዙ ዕቃ ይጋራል፣ ይህ ይረዳል። በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ዘመዱ ሩቅ ድረስ ነው። የአሁኑ ዘመን አውዲ ኪው7፣ ፎልክስቫገን ቱዋሬግ፣ ፖርሽ ካየን፣ ቤንትሌይ ቤንታይጋና ላምቦርጊኒ ኡሩስ መሠረታቸው አንድ ነው። አንዱን ዕቃ በፖርሽ ቁጥር ከመግዛት በፊት በአውዲ ቁጥር መፈለግ ያዋጣል። ጠንቀቅ የምትሉት ከ2008 እስከ 2012 ገደማ ካለው ባለ 2 ሊትር ተርቦ ነው፤ ዘይት ይበላል፣ የካቴና መወጠሪያውም ይዳከማል። ከዚያ ቀደም ያለው ኤስ4 ቪ8 ደግሞ ካቴናው ከኋላ ስለሆነ ለእሱ ሲባል ሞተር ይወጣል።

ሬንጅ ሮቨር ስፖርት የመጀመሪያው ትውልድና ዲስከቨሪ 3 አካላቸው ሻሲ ላይ የተቀመጠ ነው። ብዙ ጋራዦች ለትልልቅ የሞተር ሥራዎች አካሉን በሙሉ ከሻሲው ያነሱታል። ያንን ሥዕል አንዴ ያየ ሰው ደረሰኙን አይጠይቅም። በዚያ ላይ የቪ6 ናፍጣው ክራንክ ሻፍት (ዋናው የሞተር ዘንግ) የመሰበር ስም አለው። ከወደዳችሁት ወደዳችሁት ነው፤ በቁጠባ አስባችሁ ግን አትግዙት።

ፖርሽ ከሚታማው በላይ ጠንካራ ነው፣ የሰርቪስ ዋጋው ግን እንደሚታማው ነው። የመጀመሪያው ካየን ቪ8 የፕላስቲክ የውሃ ቱቦዎቹ በአሉሚኒየም መቀየራቸውን ጠይቁ።

ያው ሞዴል፣ ሌላ ወጪ

አንድ ዓይነት ሁለት መኪና ቆመው ቢጠብቋችሁ ተጨማሪ ነገር ያልበዛበትን ምረጡ። ኤር ሰስፔንሽን ያለው አንዱ የአየር ከረጢት ሲያፈስ፣ ኮምፕረሰሩ ያንን ለማካካስ ሳያርፍ ይሠራና እሱም ይቃጠላል። ሞላ ያለው ይህ ሁሉ የለበትም። የካርቦን ሴራሚክ ፍሬን፣ ባለ ማትሪክስ መብራት፣ ከንፋስ መከላከያው መስታወት ጀርባ ያለ ካሜራ፣ ሁሉም ሲገዛ ጌጥ፣ ሲሰበር ዕዳ ነው። ካሜራ ያለበት መስታወት ሲቀየር ካሜራው እንደገና ይስተካከላል፣ እሱም ይከፈልበታል። ተንፍሶም የሚነዳ ጎማ ያለው መኪና ብዙ ጊዜ ትርፍ ጎማ የለውም፤ ጎማው ራሱ ይወደዳል፣ ከተበሳም ብዙ ጎማ ቤት አልደፍነውም ይላል።

እንግዲህ ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት የሻሲ ቁጥሩን ያዙና የአምስት ዕቃ ዋጋ ጠይቁ፦ የፊት መብራት፣ የፊት ፍሬን ዲስክና ሸራ፣ አንድ የሰስፔንሽን እግር፣ የውሃ ፓምፕ፣ የካምቢዮ ዘይት ለውጥ ከነእጅ ዋጋው። ዲለር ጋ ጠይቁ፣ የብራንዱ የግል ጋራዥ ጋ ጠይቁ፣ ዕቃ ሻጭ ጋ ጠይቁ። ለየትኛው ገበያ እንደተሠራም አረጋግጡ፤ የአሜሪካው መብራት የአውሮፓው ላይ ላይሆን ይችላል።

መኪናውን ለማየት ስትሄዱ ደግሞ ጠዋት ሂዱ፣ ካደረበት ሳይነቃነቅ። አራቱም ጎን እኩል መቆሙን እዩ። ከዚያ ሞተሩን ራሳችሁ አስነሱ። የካቴና ችግር ከሁሉ በላይ የሚሰማው ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ሲነሳ ባሉት የመጀመሪያ ጥቂት ሴኮንዶች ነው። ስትደርሱ ሻጩ አሙቆ ከጠበቃችሁ፣ አመስግናችሁ ለሌላ ቀን ተቀጣጠሩ።