የላላ መሪ፦ ማጥበቅ፣ ቡሽ መቀየር ወይስ ያገለገለ ራክ መግዛት?

«መሪዬ ላልቷል፣ ኮብልስቶን ላይ ይንኳኳል፤ ራክ ልግዛ?» ቪትዝ፣ ያሪስ ወይም የድሮ ኮሮላ የያዘ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ይህንን ነው። ራክ ማለት የመሪውን መዞር ወደ ግራና ቀኝ እንቅስቃሴ ቀይሮ የፊት ጎማዎቹን የሚያዞር ባለ ጥርስ ዘንግ ከነቤቱ ነው። መልሱ ብዙ ጊዜ «ቆይ፣ አትቸኩል» ነው። ከራኩ በፊት ሁለት ርካሽ መንገዶች አሉ፤ መወጠሪያውን (የራኩን ጥርስ የሚያቀራርበውን ክፍል) ማጥበቅና ቡሹን (ዘንጉ የሚንሸራተትበትን ቀለበት) መቀየር። ጥርሱ ያልተበላ ራክ ካላችሁ ቡሹን ምረጡ፤ ያገለገለ ራክ መግዛት የመጨረሻው አማራጭ መሆን አለበት።

መጀመሪያ ግን ልቅነቱ ከራኩ መምጣቱ ይረጋገጥ። ጎማዎቹን ቀጥ አድርጉ፣ መሪውንም በጣት ግራና ቀኝ ነቅነቅ አድርጉ (ባለ ሃይድሮሊክ፣ ማለትም በዘይት ግፊት የሚታገዝ ከሆነ ሞተሩ ይነሳ)። ጎማው ሳይንቀሳቀስ የመሪው ጠርዝ ባዶውን የሚሄደው ርቀት በቶዮታ መለኪያ ቢበዛ 30 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚያ ካለፈ አንድ ሰው መሪውን ይነቅንቅ፣ ሌላው ከስር ይመልከት። የመሪው ዘንግ ከራኩ ጋር የሚገናኝበት ክሮቸራ ማጥበቂያ ቡሎኑ ላልቶ ከሆነ ወጪያችሁ አንድ ቁልፍ ማዞር ብቻ ነው። ይህን ሳያዩ ራክ የሚገዙ ሰዎች አሉ፤ ያሳዝናል።

ቀጥሎ የፊቱን ጎማ በክሪክ አንሱ፤ ከስሩ ጠንካራ ድጋፍ ሳይገባ ግን ማንም መኪናው ስር አይግባ። ጎማውን ላይና ታች ይዛችሁ ስትነቀንቁት ከተንቀሳቀሰ ኩሽኔታው ወይም ቦል ጆይንቱ ነው። ግራና ቀኝ ይዛችሁ ከተንቀሳቀሰ ደግሞ ቴስቲኒው (በጎማው በኩል ያለው ማያያዣ ኳስ) ወይም የውስጡ ራክ ኤንድ (በራኩ በኩል ያለው ኳስ)። ራክ ኤንዱን ለመለየት ኩፊያውን (የራኩን ጫፍ የሚሸፍነውን ጎማ) በእጅ ጨብጡት፤ ሌላ ሰው ጎማውን ሲነቀንቅ የላላ ኳስ ቀጭ ቀጭ ማለቱ ለመዳፍ ይሰማል። ቡሹ የሚገኘው ከፒኒየኑ (በመሪው ዘንግ ዞሮ ራኩን ከሚገፋው ትንሽ ጥርስ) ተቃራኒ በኩል፣ በራኩ ሌላ ጫፍ ነው። እዚያ ዘንጉን ይዛችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ግፉት፤ በቤቱ ውስጥ ከዘለለ ቡሹ አልቋል። መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የተገለበጠ ቪትዝ ከሆነ ፒኒየኑ በየት በኩል እንደሆነ በዓይናችሁ አይታችሁ አረጋግጡ።

ማጥበቅ ገንዘብ አይጠይቅም፣ አላይመንትም አያስነካም። ከፒኒየኑ ትይዩ የራኩን ጀርባ የሚገፋ ጫማ መሰል ቁራጭ አለ፤ ከኋላው ሞላ፣ ከሞላው ኋላ በጥርስ የሚገባ ክዳን፣ ክዳኑን የሚቆልፍ ሰፊ ዳዶ፤ መወጠሪያ የሚባለው ይህ ነው። ጫማው ሲበላ ሞላው ይላላል፣ ራኩም ከፒኒየኑ ይርቃል። አሠራሩ ይህ ነው፦ ጎማዎቹ ቀጥ እንዳሉ ክዳኑና ቤቱ ላይ በቀለም አንድ መስመር አስምሩ፣ ዳዶውን ፍቱ፣ ክዳኑን 10 ዲግሪ ያህል ብቻ አጥብቁ፣ ክዳኑን ይዛችሁ ዳዶውን ቆልፉ። ካልያዛችሁት ክዳኑ አብሮ ይዞራል፣ ልካችሁም ይጠፋል። በብዙ የቶዮታ ራኮች፣ ራኩ ወጥቶ ሲገጣጠም፣ ክዳኑ በ25 ኒውተን ሜትር ጠብቆ 12 ዲግሪ ይመለሳል፤ የራሳችሁን ሞዴል ልክ ከጥገና መጽሐፉ እዩ። መኪናው ላይ እያለ ግን ጥቂት ጥቂት እያሉ መሞከር ይሻላል።

ጥንቃቄው እዚህ ላይ ነው። መኪና አብዛኛውን ጊዜ ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ የራኩ ጥርስ የሚበላው መሐሉ ላይ ነው። መሐሉ እስኪጠብቅ ካጠበቃችሁት ያልተበላው ዳርና ዳር ይነክሳል። ስለዚህ ጎማዎቹ ከመሬት እንደተነሱ መሪውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዙሩ፤ ዳር ላይ ከከበደ መልሱት። ስትነዱም ከመታጠፊያ በኋላ መሪው በራሱ ካልተመለሰ ከልክ በላይ አጥብቃችሁታል ማለት ነው፣ አደገኛ ስለሆነ ወዲያው አላሉት። ደግሞም ማጥበቅ ያለቀ ቡሽን አያድንም። መወጠሪያው አንዱ ጫፍ ላይ፣ ቡሹ ሌላው ጫፍ ላይ ናቸው። ብዙ ጋራዥ የቡሽን መንኳኳት መወጠሪያውን ከልክ በላይ እያጠበቀ ሊያጠፋ ይሞክራል፤ ድምፁ ለሳምንት ይቀንስና ይመለሳል፣ መሪው ግን ከባድ ሆኖ ይቀራል።

ወደ ዋጋው እንምጣ። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲተመን ከተደረገ ወዲህ «አምና በዚህ ገዝቼ ነበር» የሚለው ለድርድር አይረዳም። በአንድ ጠዋት ሦስት ሱቅ ጠይቁ፣ ዋጋው የአንዱ ነው ወይስ የጥንድ ብላችሁ አስረግጡ። ከዚያ የሥራውን ሒሳብ ያዙ። ራኩን ማውጣትና መግጠም፣ አላይመንት፣ ባለ ሃይድሮሊክ ከሆነ ዘይት፦ ቡሽ ብትቀይሩም ራክ ብትገዙም እኩል ትከፍላላችሁ። ለስሌት ብቻ ራኩን 20,000፣ የእጅና የአላይመንቱን 5,000፣ ቡሹን ከነቶርኖው (በማሽን ከመቅረጹ) 2,000 ብር እንበል። ቡሹ በ7,000 አለቀ። ራኩ 25,000 ነው፤ ችግር ኖሮበት ተመልሶ ሌላ ቢገጠም 30,000 ይሆናል፣ ምክንያቱም ሻጩ ዕቃውን ቢቀይር እንኳ የእጅ ዋጋ አይመልስም።

አብዛኞቹ ቪትዝና ያሪስ መሪያቸው በኤሌክትሪክ የሚታገዘው ከላይ፣ ዘንጉ ላይ ስለሆነ ራኩ ዘይት የሌለበት ደረቅ ነው፤ ለቡሽ ሥራ የሚመቸውም ለዚህ ነው። የሃይድሮሊክ ራክ ግን ሲፈታ ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደው ጎማ (ሲል) ስለሚነካ ሲሉን ከነኪቱ ሳትይዙ አትክፈቱት። ራኩን ከማውጣታችሁ በፊት ክሮቸራውና ፒኒየኑ ላይ ምልክት አድርጉ፣ መሪውንም በቀበቶ እሰሩት፤ ከራኩ ተላቆ ከዞረ ለኤርባጉ የሚሄደው ጥቅል ሽቦ ይበጠሳል።

የተዘጋጀ ቡሽ ካላገኛችሁ ቶርኖ ቤት ስትሄዱ አሮጌውን ቡሽ ብቻ ሳይሆን ራኩንም ይዛችሁ ሂዱ፣ ልኩ ከዘንጉ ይወሰድ። ተራ ናይለን አታሠሩ፤ እርጥበት ይጠጣና ያብጣል፣ ክረምት ላይ መሪው ይከብዳል። ነሐስ ግሪሱ ሲያልቅ ዘንጉን ይፍቃል። ዴልሪን የተባለውን ጠንካራ ፕላስቲክ ጠይቁ። ዘንጉ በእጅ ግፊት ይንሸራተት፣ ወደ ላይና ወደ ታች ግን አይንቀሳቀስ። የፋብሪካው ቡሽ ርዝመቱን ተከትሎ መስመር ካለው የእናንተም ይኑረው፤ ራኩ ሲሄድ አየሩ ከአንዱ ኩፊያ ወደ ሌላው የሚያልፍበት ነው፣ ከተደፈነ ኩፊያው እያበጠና እየተጣበቀ ይቀደዳል።

ራክ ኤንዱም ከላላ አብራችሁ ቀይሩት። 555 የተባለው የጃፓን ዕቃ ኮፒው እጅግ የበዛ ስለሆነ በካርቶኑ አትመኑ። አዲስ ራክ ኤንድ ዘንጉን አዘንብላችሁ ስትለቁት ባለበት መቆም አለበት፤ በራሱ ክብደት ከወደቀ እዚያው ለሻጩ መልሱለት። መቆለፊያ ሮንዴላው በአዲስ ይተካ፣ ጠርዙም ጠፍጣፋው ላይ ይታጠፍ። ሳይታጠፍ የተተወ ራክ ኤንድ ቀስ እያለ ይፈታል፣ ጎማውም ከመሪው ይለያያል። ቴስቲኒውን ስትፈቱ የዞረበትን ቁጥር ጻፉ፤ በዚያው ቁጥር ከመለሳችሁት እስከ አላይመንት ቤት ቀጥ ብላችሁ ትደርሳላችሁ።

መሐሉ ልል፣ ዳሩ ጠባብ ከሆነ ግን ጥርሱ አልቋልና ቡሽ አያድነውም፤ ያኔ ያገለገለ የመኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ትሄዳላችሁ። ከጃፓን ተፈትቶ የመጣ ራክ ለቀኝ መሪ ነው፤ ግራ የሆነውን ፒኒየኑን አይታችሁ ለዩ። በነዳጅ ታጥቦ ቀለም የተነፋ ራክ ሲያምር አትሸነፉ። የመወጠሪያው ዳዶ ማዕዘን አዲስ ጭረት ካለው ለሽያጭ ተጠብቋል። ፒኒየኑን በእጅ ከጫፍ እስከ ጫፍ አዙሩ፤ መሐል ደህና ሆኖ ዳር ላይ ከያዘ ልቅነቱን ለመደበቅ ከልክ በላይ የተጠበቀ ነው፣ እናንተ ከምትጥሉት አይሻልም። ኩፊያውን ገልጣችሁ ዘንጉ ላይ ዝገት፣ በሃይድሮሊኩ ደግሞ ዘይት ካያችሁ ተዉት። «ኩፊያው አይገለጥም» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ወደ ቀጣዩ ሱቅ እለፉ።

አዲስ ኮፒ ራክ ከሁሉም የከፋ ግዢ ነው፤ ዋጋው ወዳገለገለ ኦሪጅናል ዋጋ ይጠጋል፣ የኩፊያው ጎማ ደረቅ ነው፣ ግሪሱም ጥቂት። ራኩን ስትገጣጥሙ የቀደመውን ኩፊያ ካልተቀደደ መልሳችሁ ግጠሙ፣ ጥርሱን ሞሊብዲነም ባለው ሊቲየም ግሪስ ሙሉት፣ ሁለቱንም ጫፍ በማሰሪያ አጥብቁ። አቧራ በአንዲት ቀዳዳ ከገባ አዲሱንም ቡሽ ይጨርሰዋል።