«ፋኑ ተቃጥሏል» ሲሏችሁ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት

ባለመኪና ወገኖቼ፣ በተለይ የቆየ ኮሮላ የምትነዱ፣ እኔ የከፈልኩትን እናንተም እንዳትከፍሉ ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

መኪናዬ የ1997 እ.ኤ.አ. ሞዴል ናት። አዲስ አበባ መገናኛ ጋ መንገድ ተዘጋግቶ ስቆም የሙቀት ጌጁ ሽቅብ ይወጣል፤ መንገዱ ተከፍቶ ስነዳ ይመለሳል። መኪና ሲሄድ ነፋሱ ራዲያተሩን ያቀዘቅዘዋል፣ ሲቆም ግን ያለው በኤሌክትሪክ የሚዞረው ማራገቢያ፣ ፋኑ ብቻ ነው። ስለዚህ ፋኑ እንደማይዞር እኔም ገብቶኛል። ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ ፋኑን በጣቱ ገፋ አደረገና «የፋኑ ሞተር ተቃጥሏል» አለ። በቃ፣ ሌላ ምንም አልለካም። ከሶማሌ ተራ፣ ከመኪና መለዋወጫ ገበያው፣ ያገለገለ ፋን መጥቶ ተገጠመ፣ ከነእጅ ዋጋው 11,500 ብር ከፈልኩ። ደረሰኝ የለ፣ ዋስትና የለ። አሮጌውን «እኛ እንጥለዋለን» ሲሉኝ ግን እምቢ ብዬ ይዤው ሄድኩ።

በዘጠነኛው ቀን አዲስ የተገጠመውም ቆመ። ተመልሼ ስሄድ «እንግዲህ ኬብሉ ነው፣ ዳይሬክት እናድርግልህ» አሉኝ፣ በሌላ 2,500 ብር። ዳይሬክት ማለት ፋኑን የሚያበራውን ሪሌና ኤሌክትሪክ ሲበዛ የሚቆርጠውን ፊውዝ ዘሎ በአንድ ሽቦ ማገናኘት ነው። ሽቦው አንድ ቦታ ተልጦ ብረት ቢነካ የሚያቋርጠው ነገር የለም፤ መኪና በእሳት የሚያያዘው እንደዚህ ነው። እባካችሁ በፍጹም እሺ እንዳትሉ።

ሌላ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ዘንድ ሄድኩ። ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ ቁልፉን ከፈተና ሙቀት ሲጨምር ፋኑን የሚያስነሳውን የሙቀት ስዊች ሶኬት ነቀለ። በዚህ ሞዴል ሶኬቱ ሲነቀል ፋኑ መዞር አለበት። አልዞረም፣ ሪሌው ግን ቀጭ ሲል ሰማሁት። ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ፋኑ ሶኬት ላይ ሲያደርግ 12 ቮልት አሳየ። እዚህ ጋ «ኤሌክትሪክ ደርሷል፣ ፋኑ ነው የሞተው» ብሎ መደምደም ይቻል ነበር፣ ብዙዎችም የሚሳሳቱት እዚህ ነው። እሱ ግን በቴስተሩ ፋንታ 21 ዋት የፍሬን አምፖል አገናኘ። አምፖሉ እንደ ሻማ ደብዝዞ በራ። ቴስተር የሚስበው ኤሌክትሪክ ከምንም አይቆጠርም፤ የተበላሸ መገናኛ ጭነት ሲመጣበት ነው የሚጋለጠው። የፋኑን ሶኬት ፈታታው፦ አንዱ እግር ጠቁሮ፣ ፕላስቲኩ ቡናማ ሆኖ ቀልጧል። የመጀመሪያው ጋራዥ ፋን ሲቀይር ሶኬቱን ነቅሎ ሲሰካው ለጊዜው ነካ፣ ከዚያ እንደገና ለቀቀ።

አሮጌውን ፋን አምጣ አለኝ። መሬት ላይ በእግሩ ረግጦ ይዞት በሁለት ሽቦ ከባትሪው ጋር አገናኘው፣ አቧራ እያስነሳ ዞረ። ያን ጊዜ የተሰማኝን ንዴት አልረሳውም።

ስለዚህ ፋን ግዛ ስትባሉ መጀመሪያ ፋኑን ባትሪ ላይ አገናኝተው ዓይናችሁ እያየ ያሳዩአችሁ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ከዞረ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው፦ ፊውዝ፣ ሪሌ፣ ስዊች፣ ሶኬት፣ ወይም ማሳው (ከመኪናው ብረት ጋር የሚያገናኘው ሽቦ)። ቁልፉ ተከፍቶ ሳለ ግን እጃችሁን ወደ ፋኑ አታስጠጉ፣ ሳይታሰብ ሊነሳ ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ለአዲስ አበባ ሰው። ከተማችን ከፍታ ላይ ስለሆነች ተራ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የእኔ መኪና ፋን የሚነሳው 93 ዲግሪ ገደማ ነው። ውሃው ቶሎ እንዳይፈላ የሚያደርገው የራዲያተር ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው፤ ክዳኑ ግፊት ካልያዘ ፋኑ ሳይነሳ ውሃው ይፈላል፣ ፋኑም ያለ ጥፋቱ ይወነጀላል። ክዳኑን ቀድማችሁ እዩ፣ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ብቻ ክፈቱት።

ሶኬቱን ለመቀየር 600 ብር ከፈልኩ። ገንዘቤን ለማስመለስ ብሄድም ጋራዡ «ዕቃ ወጥቷል፣ አይመለስም» አለኝ። የገዛሁት ፋን ቤት ተቀምጧል፣ መኪናዬ ላይ የሚዞረው «ተቃጥሏል» የተባለው ነው።